የጌጥ ዕፅዋት የተበከለ አፈርን ምን ያህል ያጸዳሉ?

በተዘጋ ፋብሪካ ግቢ ወይም ለዓመታት ቆሻሻ ሲጣልበት በኖረ መሬት ላይ አበባ ተተክሎ «አፈሩን እያጸዳ ነው» የሚል ዜና ሲወጣ፣ አንዳንዱ አንባቢ ነገሩን እንደ ተአምር ይቀበለዋል፤ ሌላው ደግሞ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ወሬ ነው ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ከእውነታው ይርቃሉ። ዕፅዋት ከአፈር ውስጥ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን መሳብ፣ ባሉበት ይዘው ማቆየት ወይም እንዲፈርሱ ማገዝ እንደሚችሉ በቤተ ሙከራም በማሳም ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው ለአንዳንድ ብክለቶች፣ በአንዳንድ የአፈር ዓይነቶችና ሥር በሚደርስበት ጥልቀት ብቻ ነው፤ የሚፈጀው ጊዜም ብዙውን ጊዜ በዓመታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ትውልድ በላይ ይቆጠራል። ከዚህ በታች የምናየው አሠራሩን፣ ለምን የጌጥ ዕፅዋት እንደሚመረጡና ውጤቱ በምን ስሌት እንደሚመዘን ነው።

አፈር ተበከለ የሚባለው መቼ ነው?

ማንኛውም አፈር በተፈጥሮው ጥቂት እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ኒኬልና አርሴኒክ ይገኝበታል፤ እነዚህም አፈሩ ከተገኘበት ዐለት የወረሳቸው ናቸው። ብክለት የምንለው የእነዚህ ወይም የሌሎች ንጥረ ነገሮች መጠን በሰው ሥራ ምክንያት ጨምሮ ሰውን፣ እንስሳትን፣ ሰብልን ወይም የከርሰ ምድር ውሃን የሚጎዳበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። የማዕድን ቁፋሮ ተረፈ ምርት፣ የብረት ማቅለጫ ጭስ፣ የአሮጌ ባትሪ ማፍረሻ፣ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ ካድሚየም የቀላቀለ የፎስፌት ማዳበሪያ፣ ያረጀ የግድግዳ ቀለምና የፈሰሰ ነዳጅ ከዋና ዋናዎቹ ምንጮች መካከል ናቸው።

ማጽዳትን በተመለከተ በካይ ነገሮችን በሁለት መክፈል ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ከካርቦን የተሠሩት ማለትም ነዳጅ ዘይት፣ የማሟሚያ ፈሳሾችና የፀረ ተባይ ኬሚካሎች ናቸው፤ እነዚህ ምንም እንኳ አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ ቢቆዩም በመጨረሻ ወደ ውሃና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊፈርሱ ይችላሉ። ሁለተኛዎቹ በተለምዶ «ከባድ ብረቶች» የሚባሉት እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ፣ ኒኬልና የመሳሰሉት ናቸው። በኬሚስትሪ ትርጉሙ ሙሉ ብረት ባይሆንም አርሴኒክም ከእነዚሁ ጋር ይመደባል። ብረት አይበሰብስም፣ አይፈርስም፣ ማንኛውም ባክቴሪያ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ሊለውጠው አይችልም። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ለመኪና መሸጥ በዓለም ዙሪያ ያበቃው አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና እ.ኤ.አ. በ2021 ባቆመች ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት ከጭስ ማውጫ ወጥቶ በመንገድ ዳር አፈር ላይ ያረፈው እርሳስ ግን አብዛኛው ዛሬም እዚያው አለ።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ የጃፓኑ የቶያማ አውራጃ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ከማዕድን ማውጫ ወደ ጂንዙ ወንዝ የወረደው ካድሚየም በመስኖ አማካይነት ወደ ሩዝ ማሳዎች ገብቶ፣ በሩዙም በኩል ወደ ሰው ደርሶ ኩላሊትንና አጥንትን የሚያደቅ በሽታ አስከተለ። የጃፓን መንግሥት የበሽታው መንስኤ ካድሚየም መሆኑን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ የተበከሉትን ማሳዎች አፈር በሌላ አፈር የመተካቱ ሥራ እስከ 2012 ዘልቋል። አፈርን ቆፍሮ ማንሳትና መተካት ይህን ያህል ጊዜና ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ነው ተመራማሪዎች ወደ ዕፅዋት የዞሩት።

ተክል መርዝን ለምን ይወስዳል?

ሥር ከአፈር የሚፈልገው ውሃና ምግብ ነው፤ መርዙን የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ በስህተት ነው። በሥሩ ህዋሳት ላይ እያንዳንዱን ንጥረ ነገር የሚያስገቡ የየራሳቸው በሮች አሉ። ካድሚየም በኬሚካላዊ ባሕርዩ ተክሉ ከሚፈልገው ዚንክ ጋር ስለሚመሳሰል ለዚንክ በተሠራው በር ይገባል። አየር በሚገባበት አፈር ውስጥ የሚገኘው የአርሴኒክ ዓይነት ፎስፌትን ይመስላል፤ ጨረር አመንጪው ሲዚየም ፖታሲየምን፣ ስትሮንቲየም ደግሞ ካልሲየምን ይመስላሉ።

አንዴ ከገቡ በኋላ ተክሉ ራሱን መከላከል አለበት። ለዚህም ብረቱን አጥብቀው የሚይዙ ሰልፈር ያለባቸው ትንንሽ ሞለኪውሎችን ይሠራል፤ ከእነዚህ ውስጥ ፋይቶኬላቲን የሚባሉት የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የተያዘውም ብረት የህዋሱ ሥራ ከሚካሄድበት ክፍል ወጥቶ ቫኪዩል በሚባለው የህዋሱ ማጠራቀሚያ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። አብዛኞቹ ዕፅዋት ይህን የሚያደርጉት በሥራቸው ውስጥ ነው፤ ብረቱ ወደ ግንድና ቅጠል እንዳይወጣ እዚያው ያስቀሩታል። ጥቂቶች ግን ወደ ላይ ይልኩትና በቅጠላቸው ያከማቹታል። ለማጽዳት ሥራ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ቅጠልና ግንድ በቀላሉ ሊታጨድ ይችላል፣ ሥርን ነቅሎ ማውጣት ግን አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ጋር መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በአፈር ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ለሥር የቀረበ አይደለም። አብዛኛው ከሸክላ ቅንጣቶች፣ ከበሰበሰ ቅጠላ ቅጠልና ከአይረን ኦክሳይድ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ሥር የሚያገኘው በአፈሩ እርጥበት ውስጥ የሟሟውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ ከሌለ ቤተሰቡ እንደማይጠግበው ሁሉ፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከፍተኛ እርሳስ የሚታይበት አፈርም ለተክሉ የሚሰጠው እርሳስ እዚህ ግባ የማይባል ሊሆን ይችላል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን እንደ ካድሚየምና ዚንክ ያሉ ብረቶች በቀላሉ ይሟሟሉ፤ ኖራ ሲጨመርበት ደግሞ ይታሰራሉ። እርሳስ ከፎስፌት ጋር ሲገናኝ ጨርሶ የማይሟሟ ውህድ ይሆናል።

በተበከለ አፈር ላይ የበቀለ ሁሉ አፈሩን ያጸዳል?

አያጸዳም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መርዝን መቋቋም አንድ ነገር ነው፣ መርዝን መሳብ ሌላ ነገር ነው። በኮንጎ የካታንጋ ክልል መዳብ በበዛበት አፈር ላይ የሚበቅል «የመዳብ አበባ» የሚባል ትንሽ ተክል አለ። አርኪዮሎጂስቶች ከዘመናት በፊት መዳብ ሲቀልጥባቸው የነበሩ ቦታዎችን ለማግኘት ይህን አበባ ተከትለዋል። አበባው የሚጠቁመው መዳብ መኖሩን ነው፤ መዳቡን ከአፈሩ አንስቶ የሚያስወግድ ግን አይደለም። ብረትን ከሥሩ እንዳያልፍ የሚከላከል ተክልም በተበከለ ቦታ ላይ አረንጓዴና ጤነኛ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ የአበባው ማማር ስለ አፈሩ መጽዳት የሚናገረው ነገር የለም።

በሌላው ጫፍ ያሉት ልዩ አከማቾች የሚባሉት ናቸው። ባውማን የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1885 በዚንክ ማዕድን አካባቢ የሚበቅሉ የቫዮሌትና የሌሎች ዕፅዋት ቅጠሎች መቶኛ ያህሉ ክፍላቸው ዚንክ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ በኒው ካሌዶኒያ ደሴት የሚገኝ አንድ ዛፍ ሲቆረጥ የሚወጣው ሰማያዊ አረንጓዴ ወተት በደረቅ ክብደቱ እስከ ሩብ የሚደርስ ኒኬል እንዳለው ታወቀ። ዛሬ አንድ ተክል የኒኬል ልዩ አከማች ለመባል በአንድ ኪሎግራም ደረቅ ቅጠሉ ቢያንስ 1,000 ሚሊግራም ኒኬል፣ የካድሚየም ለመባል ደግሞ ቢያንስ 100 ሚሊግራም ካድሚየም ሊገኝበት ይገባል። በዚህ መለኪያ ያለፉት የዕፅዋት ዝርያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ አብዛኞቹ የኒኬል አከማቾች ናቸው። እነዚህን ዕፅዋት አፈር ለማጽዳት መጠቀም ይቻላል የሚለውን ሐሳብ አሜሪካዊው የአፈር ተመራማሪ ሩፈስ ቼኒ እ.ኤ.አ. በ1983 አቀረበ።

ከጌጥ ዕፅዋት መካከል በጣም የታወቀው ምሳሌ ፕቴሪስ ቪታታ የተባለው ፈርን ነው። አበባ የለውም፤ በአትክልት ስፍራዎችና በድንጋይ ግንብ ሥር ለቅጠሉ ውበት የሚተከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በፍሎሪዳ እንጨት እንዳይበሰብስ በአርሴኒክ ሲነከርበት በነበረ ቦታ ላይ የበቀለው ይህ ፈርን በአንድ ኪሎግራም ደረቅ ቅጠሉ ከ3,000 ሚሊግራም በላይ አርሴኒክ ተገኝቶበታል። አንድ ተራ ተክል ይህን የመሰለ መጠን ሳይጠጋ ይሞታል።

ታዲያ ለምን የጌጥ ዕፅዋት?

ልዩ አከማቾች አብዛኞቹ ትንንሽ፣ ቀስ ብለው የሚያድጉና ከትውልድ ቦታቸው ውጭ በቀላሉ የማይለምዱ የዱር ተክሎች ናቸው። የጌጥ ዕፅዋት በዚህ በኩል ትልቅ ብልጫ አላቸው። ዘራቸው በብዛት ይገኛል፤ አዘራራቸው፣ ውሃ አጠጣጣቸውና በሽታቸው ለረጅም ዘመን የተጠና ነው፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚታጨዱ አሉባቸው። ለከተማ መሬትም ይስማማሉ፤ የአካባቢው ነዋሪ ባዶ የታጠረ መሬት ከሚያይ አበባ ቢያይ ይመርጣል፣ ተክሉንም ይንከባከባል።

ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ምክንያት ግን አለመበላታቸው ነው። በቆሎ ወይም የህንድ ሰናፍጭ ብረት ይስባሉ፤ ነገር ግን ሰው ወይም ከብት ሊበላቸው የሚችል በመሆናቸው ከማሳው ወጥተው ወደ ገበያ የመግባት ዕድላቸው ሁልጊዜ አለ። አበባ ከሆነ ይህ መንገድ በአብዛኛው ይዘጋል። የሱፍ አበባ በዚህ ረገድ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ለጌጥም ለዘይትም ይተከላልና በተበከለ መሬት ላይ ሲተከል ዘሩ ለምግብ እንዳይውል መጠበቅ ያስፈልጋል።

በጥናቶች ውስጥ ደጋግመው የሚነሱት የጌጥ ዕፅዋት የትኞቹ ናቸው? ማሪጎልድ፣ በተለይም ታጌቴስ ፓቱላ የተባለው አጭሩ ዝርያ፣ ካድሚየምን በቅጠሉ እንደሚያከማች ታይቷል። ሆሊሆክና ባልሳም የተባሉት አበቦችም ለካድሚየም ተሞክረዋል። ማታ ማታ የሚያብበው ሚራቢሊስ ያላፓ ካድሚየምን ከመቋቋሙም ሌላ ነዳጅ በፈሰሰበት አፈር ላይ ተፈትኗል። ቅጠላቸው መዓዛ ያለው የጀራኒየም ዓይነቶች ለእርሳስ የተለየ ችሎታ አላቸው፤ በፈረንሳይ አገር በተካሄደ የማሳ ሙከራ አንዳንዶቹ በኪሎግራም ደረቅ ክብደት ከ1,000 ሚሊግራም በላይ እርሳስ ይዘው ተገኝተዋል። ካናና ካላ ሊሊ ደግሞ ይበልጥ የሚታወቁት ፍሳሽ ውሃ በሚያጣሩ ሰው ሠራሽ ረግረጎች ውስጥ ነው።

እነዚህን ውጤቶች ሲያነቡ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ሙከራዎች የተካሄዱት በአበባ ማሰሮ ውስጥ፣ የሚሟሟ የብረት ጨው በተጨመረበት አፈር ላይ ነው። ሥሩ ከማሰሮው መውጣት ስለማይችል አፈሩን በሙሉ ይዳስሳል፣ አዲስ የተጨመረው ብረትም ገና ከአፈሩ ጋር አልተጣበቀም፤ ብረቱ ለሃምሳ ዓመት በኖረበት ሜዳ ላይ ያው ተክል ያንኑ ውጤት ላያሳይ ይችላል። ሁለተኛ፣ በቅጠሉ ላይ የተገኘው ብረት ሁሉ በሥር በኩል የመጣ ላይሆን ይችላል፤ በማቅለጫዎችና በመንገዶች አጠገብ ከአየር ላይ ያረፈ አቧራ ቅጠሉ በሚገባ ሳይታጠብ ከተለካ «ተክሉ የሳበው» ተብሎ ይመዘገባል።

ለመጽዳት ስንት ዓመት ይፈጃል?

ይህን ለመገመት ከባድ ሒሳብ አያስፈልግም፤ እንዲያውም በዜና ላይ የሚወጣ ማንኛውንም «አፈር የሚያጸዳ አበባ» በዚህ ስሌት መፈተን ይቻላል። የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሴንቲሜትር አፈር 2,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1.3 ቶን ይመዝናል ብንል በጠቅላላው 2,600 ቶን አፈር አለን ማለት ነው። በዚህ አፈር ውስጥ ያለውን ካድሚየም በአንድ ኪሎግራም አፈር በ1 ሚሊግራም ብቻ ለመቀነስ ከመሬቱ 2.6 ኪሎግራም ካድሚየም መውጣት አለበት። አንድ የጌጥ ተክል በዓመት ከሄክታር 10 ቶን ደረቅ ምርት ቢሰጥና በእያንዳንዱ ኪሎግራም ውስጥ 20 ሚሊግራም ካድሚየም ቢይዝ፣ በዓመት የሚያወጣው 200 ግራም ነው። ስለዚህ ሥራው 13 ዓመት ይወስዳል። በተግባር ደግሞ ከዚያ ይረዝማል፤ በቀላሉ የሚገኘው ካድሚየም ቀድሞ ስለሚወሰድ የኋለኞቹ ዓመታት ምርት ከፊተኞቹ ያነሰ ብረት ይይዛል።

አሁን ስሌቱን ወደ እርሳስ እናዙረው። በኪሎግራም 500 ሚሊግራም ተጨማሪ እርሳስ ያለበት መሬት፣ ይህም በአሮጌ የኢንዱስትሪ ሰፈሮች እንግዳ ያልሆነ መጠን ነው፣ በሄክታር 1,300 ኪሎግራም እርሳስ ተሸክሟል። ተክሉ በኪሎግራም 100 ሚሊግራም እርሳስ ቢይዝ በዓመት የሚወጣው አንድ ኪሎግራም ነው፤ 1,300 አዝመራ ያስፈልጋል። ከላይ የጠቀስነው ጀራኒየም 1,000 ሚሊግራም ይዞ ያንኑ 10 ቶን ቢሰጥ እንኳ 130 ዓመት ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው ለቀላል የካድሚየም ብክለት ዘዴው ትዕግሥት ላለው ባለመሬት ሊያዋጣ እንደሚችል፣ ለከባድ የእርሳስ ብክለት ግን በመሳብ ማጽዳት የሚለው ሐሳብ ተግባራዊ አለመሆኑን ነው።

የሱፍ አበባ ታሪክ ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኒውክሌር አደጋ በደረሰበት በቼርኖቤል አካባቢ በኩሬ ላይ በተንሳፋፊ መደብ የተተከሉ የሱፍ አበቦች ሥራቸው ውሃ ውስጥ ተዘርግቶ ሲዚየምንና ስትሮንቲየምን ከውሃው ስበዋል። ይህ ዜና በሰፊው ስለተሰራጨ እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የፉኩሺማ የኒውክሌር አደጋ በኋላ በጃፓን ብዙ ሰዎች የሱፍ አበባ ዘሩ። የጃፓን የግብርና ሚኒስቴር በዚያው ዓመት ባካሄደው ሙከራ ግን አበባው ከአፈሩ የወሰደው ሲዚየም ከጠቅላላው ከ2,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በአንጻሩ የላይኛውን 4 ሴንቲሜትር አፈር መግፈፍ ሦስት አራተኛውን ያህል ቀንሶታል። ተክሉ አንድ ነው፣ በካዩም አንድ ነው፤ የተለየው ሲዚየሙ ያለበት ሁኔታ ነው። በኩሬው ውስጥ ሟሙቶ ስለነበር ሥሩ አገኘው፣ በአፈሩ ውስጥ ግን ሲዚየም በሸክላ ማዕድናት ንጣፎች መካከል ገብቶ ስለሚቀረቀር ሥሩ ሊደርስበት አልቻለም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ችግሩን ለማለፍ የተሞከረ አንድ አቋራጭ ነበር። ኢዲቲኤ የተባለው ኬሚካል ብረትን ከአፈር አላቅቆ ስለሚያሟሟ፣ በማሳው ላይ ሲረጭ ዕፅዋቱ የሚይዙት እርሳስ በጣም ጨመረ። ችግሩ ኬሚካሉ ቶሎ የማይፈርስ መሆኑና ሥሩ ያልወሰደውን እርሳስ ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይዞት መውረዱ ነው። ከአፈር ወጥቶ ወደ ጉድጓድ ውሃ የገባ እርሳስ ደግሞ ከቀድሞው የከፋ ነው፤ በዚህም ምክንያት ዘዴው በክፍት ማሳ ላይ ተቀባይነት አጥቷል።

መሳብ ካልተቻለ መትከል ምን ይጠቅማል?

ብዙ ይጠቅማል፤ በእኔ ግምት የጌጥ ዕፅዋት ከሁሉ በላይ የሚያገለግሉትም በዚህ በኩል ነው፣ ምንም እንኳ ለዜና የሚስብ ባይሆንም። እርሳስ ባለበት ሜዳ ላይ ሰውን የሚያሰጋው ብረቱ ከመሬት በታች መኖሩ ብቻ አይደለም፤ አቧራ ሆኖ ሲነሳ፣ ከጫማ ጋር ወደ ቤት ሲገባና ሕፃናት በእጃቸው ወደ አፋቸው ሲወስዱት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ ጉዳት የለሽ የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ጥቅጥቅ ባለ ተክል ሲሸፈን ነፋስ አቧራውን አያነሳም፣ ዝናብ አፈሩን አያጥበውም፣ ሥሮቹም ብረቱን ባለበት ይዘው ያቆዩታል። ይህ ዘዴ ማሰር ወይም ማረጋጋት ይባላል።

ለዚህ የሚመረጠው ተክል ለመሳብ ከሚመረጠው ፍጹም ተቃራኒ ነው። እዚህ የሚፈለገው ብረቱን በሥሩ አስቀርቶ ወደ ቅጠሉ የማያወጣ፣ ረጅም ዕድሜ ያለውና መሬቱን አጥብቆ የሚሸፍን ተክል ነው፤ በማዕድን ተረፈ ምርት ክምሮች ላይ የሚተከለው ቬቲቨር ሣር ጥሩ ምሳሌ ነው። ኖራ፣ ፎስፌትና ብስባሽ ሲታከሉበት ብረቱ ይበልጥ ይታሰራል፤ አርሴኒክ ካለ ግን ፎስፌትና ኖራ ሊያላቅቁት ስለሚችሉ መጀመሪያ መለካት የግድ ነው። ማረጋጋት ብረቱን ከመሬቱ አያስወጣም፤ ተክሉ ከደረቀ ወይም መሬቱ ከተቆፈረ አደጋው ይመለሳል። ስለዚህ ቦታው በመዝገብ ተይዞ ለረጅም ጊዜ መጠበቅ አለበት።

ነዳጅና ኬሚካል ሲሆንስ?

እዚህ ላይ ሥራውን በዋናነት የሚሠሩት በሥሩ ዙሪያ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሥር ስኳርና አሲድ ወደ አፈሩ ያመነጫል፤ ይህን የሚመገቡት ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች በሥሩ አካባቢ ከሌላው አፈር ይልቅ በብዙ እጥፍ ይበዛሉ፣ ከምግባቸውም ጋር የነዳጁን ሞለኪውሎች ይሰባብራሉ። ቀላል የነዳጅ ክፍሎች በጥቂት አዝመራ ሊጠፉ ይችላሉ፤ እንደ ሬንጅ ያሉት ከባዶቹ ግን ይዘገያሉ። ከብረት ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ጥቅም በካዩ በእርግጥ የሚጠፋ መሆኑ ነው፤ የታጨደው ተክልም ብዙውን ጊዜ አደገኛ ጭነት አይሆንም።

የታጨደው ተክል ወዴት ይሄዳል?

ብረት የሳበ ተክል ካልታጨደ ምንም አልተሠራም ማለት ነው። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ብረቱ ወደ አፈሩ ይመለሳል፤ ያውም ከጥልቁ ወጥቶ በላዩ ላይ፣ ይበልጥ በሚሟሟ መልክ። ታጭዶ ለከብት መኖ ወይም ለጓሮ ብስባሽ ከዋለ ደግሞ ብክለቱ ቦታ ብቻ ለወጠ። ደንበኛው አሠራር ተክሉን አድርቆ መጠኑን መቀነስ፣ ከዚያም ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ ባለው ምድጃ አቃጥሎ አመዱን ለአደገኛ ቆሻሻ በተዘጋጀ ቦታ ማስወገድ ነው። እንደ ሜርኩሪና አርሴኒክ ያሉት በሙቀት ወደ ጭስ ስለሚለወጡ በሜዳ ላይ ማቃጠል መርዙን ወደ ጎረቤት ሳንባ መላክ ነው።

ኒኬል በዚህ ረገድ የተለየ ነው፤ ዋጋ ስላለው አመዱ እንደ ማዕድን ሊሸጥ ይችላል። በአልባኒያ በኒኬል የበለጸገ አፈር ላይ ቢጫ አበባ ያለው ኦዶንታሬና የተባለ ተክል ተዘርቶ ከአንድ ሄክታር 100 ኪሎግራም ያህል ኒኬል ተገኝቷል። ለሌሎቹ ብረቶች እንዲህ ያለ ገቢ የለም።

አበባውን መሸጥስ? በብዙ ዝርያዎች ብረቱ ከአበባው ይልቅ በሥርና በቅጠል ስለሚበዛ፣ በተበከለ መሬት ላይ የተቆረጠ አበባ አምርቶ ወጪውን መሸፈን ይቻላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ነገር ግን አበባው ከነግንዱና ከነቅጠሉ ስለሚሸጥ፣ ሲደርቅም በተራ ቆሻሻ ውስጥ ስለሚጣል፣ እያንዳንዱ ምርት ሳይለካ ለገበያ መቅረቡ አይደገፍም። የተሻለው መንገድ መዓዛማ ዘይት ነው፤ ጀራኒየም ወይም ቬቲቨር በእንፋሎት ሲነጠር ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፣ የማይተነው ካድሚየምና እርሳስ ግን በአብዛኛው በአተላው ውስጥ ይቀራል። አተላው ከዚያ በኋላ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይያዛል።

ከመትከል በፊትና በኋላ ምን ይለካል?

መጀመሪያ በካዩ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ጥልቀት እንዳለና ከጠቅላላው ምን ያህሉ ሊሟሟ እንደሚችል መታወቅ አለበት፤ ለዚህም ከመሬቱ የተለያዩ ነጥቦችና ከተለያየ ጥልቀት የተወሰደ ናሙና ያስፈልጋል። የብዙዎቹ የአበባ ዕፅዋት ሥር ከ20 እስከ 50 ሴንቲሜትር ባለው ንብርብር ውስጥ ስለሚወሰን፣ ከዚያ በታች ለወረደ ብክለት አበባ መፍትሔ አይደለም። የአፈሩ አሲዳማነትም ይለካል። ከዚያ ቀጥሎ የታሰበው ተክል በዚያው መሬት በአንዲት ትንሽ መደብ ላይ ለአንድ አዝመራ ይሞከርና የምርቱ ክብደትና በውስጡ ያለው ብረት ተባዝቶ ከላይ ያየነው ስሌት በእውነተኛ ቁጥሮች ይሠራል።

በኋላም ልኬቱ በዚያው ነጥብና በዚያው ጥልቀት ይደገማል። በተጨማሪም ምንም ያልተተከለበት ሰቅ ከጎን መተው አለበት፤ ምክንያቱም የላይኛው አፈር ብረት በሌላ ምክንያትም ሊቀንስ ይችላል። መሬቱ ሲታረስ ከታች ያለው ንጹሕ አፈር ይቀላቀላል፣ ዝናብም የሟሟውን ወደ ጥልቁ ያወርዳል። የቀነሰው መጠን በታጨደው ተክል ውስጥ ከተገኘው መጠን ጋር ካልተቀራረበ፣ ቀሪው ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ወርዶ እንደሆነ መመርመር ይገባል።